ከኋላ አይሰቀልም

ጋሽ ሰይፉ ማረፋቸውን የሰማሁት ቢሮዬ ውስጥ የተጋጨ መኪና ፎቶግራፍ እያየሁ ሳለ ነው። ሥራዬ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ ነው፤ የአደጋ ካሳ ጥያቄ እመረምራለሁ፣ ቀኑንም የተጨማደደ ቆርቆሮ ሳይ እውላለሁ። የደወሉልኝ ጋሽ ብርሃኔ ነበሩ። ሰይፉ አረፈ አሉኝ፤ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት። እኔም ፎቶግራፉን አይቼ ጨረስኩ። ከሥራው የመጣ ይሁን አብሮኝ የተወለደ እንጃ፣ ሐዘን እኔ ዘንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የደረሰው በማግስቱ ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ መነጽሬ ቆሽሾ የሚወለውልልኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ።

ጋሽ ሰይፉ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ላይ የመነጽር ሱቅ ነበራቸው። ከሰው ጋር ሲያወሩ እጃቸውን ዘርግተው የሰውየውን መነጽር ከፊቱ ላይ ያነሱና ከኮታቸው ኪስ በሚያወጡት ጨርቅ መወልወል ይጀምራሉ። ፈቃድ አይጠይቁም፣ ወሬያቸውንም አያቋርጡም። ባለ መነጽሩ ዓይኑን አጥብቦ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። የራሳቸውን መነጽር ግን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲፈልጉት ይውላሉ።

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው በጠብ ነው ማለት ይቻላል። ሱቃቸው ገብቼ አንድ ቀይ ፍሬም መረጥኩና አድርጌው እንዴት ነው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አያምርብሽም» አሉኝ። ሻጭ «ውይ፣ ለአንቺ የተሠራ ነው የሚመስለው» በሚልበት ከተማ ነው ያደግሁት። ተናድጄ ወጣሁና ሌሎች ሱቆች ሄድኩ። ሁሉም ጋ የለካሁት ሁሉ አማረብኝ። ሁሉም ሲያምርብኝ ጊዜ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ዞሬ ዞሬ ወደ እሳቸው ተመለስኩ። አሁንም የማደርገው እሳቸው የመረጡልኝን ነው።

እኛ አገር እምቢ ማለት የፈለገ ሰው «እስቲ እናያለን» ይላል። «እደውልልሃለሁ» ይላል። ባስ ካለም እሺ ብሎ ይቀራል። ጋሽ ሰይፉ «አይሆንም» ነበር የሚሉት፤ ያለ ቁጣ፣ ሰዓት የጠየቃቸውን ሰው በሚመልሱበት ድምፅ። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ አይሆንም» ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር። ሰምተው ሳቁ፤ ክፉ ሰው አልነበሩምና። ከጠየቋቸው ነገር ግማሹን «ይሆናል» ይሉ ነበር፣ ያሉትም ይሆናል። ከእሳቸው ጋር እሺታ እሺታ ነበር።

ጓደኛቸው ጋሽ ብርሃኔ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ይሉኝታቸው ግን መድኃኒት ያልተገኘለት ሰው ናቸው። አንድ ፋሲካ ሦስት ቤት ተጋብዘው፣ በልቻለሁ ማለት አቅቷቸው ሦስቱንም ቤት እስኪጠግቡ በልተው በማግስቱ ሐኪም ቤት ውለዋል። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ቤቶች ውስጥ ነው ያደጉት፤ ብስክሌት የለመዱትም በአንድ ኪራይ ብስክሌት፣ ተራ በተራ እየወደቁ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጋሽ ብርሃኔ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጡና በመነጽር ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው አጠገብ ባለችው ወንበር ይቀመጣሉ። ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

ተጎታቿ የመጣችው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ነው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ሁለት ጎማ ብቻ ያላት፣ ውስጧ አልጋና የጋዝ ምድጃ የተገጠመላት፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት ቤት ናት። ጋሽ ሰይፉ የገዟት ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ውሃ ዳር ድንኳን ውስጥ አልተኛም ስላሉ ነው። አሮጌዋ የቤት መኪናቸው ስትጎትታት ያየ የአራዳ ልጅ «ምራቂ» አላት፤ መኪና ሲገዙ የተመረቀላቸው ማለቱ ነው። ስሙ ጸና። እሳቸው ራሳቸው «ምራቂን አጥቤያት» ይሉ ነበር።

ምራቂ ከኋላዋ የብረት መስቀያ ነበራት። የድሮው ባለቤቷ ብስክሌት እንዲሰቀልበት ያሠራው ነው። ጋሽ ሰይፉም በመጀመሪያው ጉዞ የራሳቸውንና የአንድ ጎረቤታቸውን ብስክሌት እዚያው ሰቅለው እትዬ ጽጌን አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ላንጋኖ ወጡ። የፍጥነት መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፋቸው ነፋሱ ምራቂን ገፋ አደረጋት። ጭራዋን መቁላት ጀመረች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ በየውዝዋዜው እየባሰባት፣ የመኪናውንም ኋላ ይዛ። ፍሬን መያዝ እንዳለባቸው እጅ እግራቸው ሁሉ ሲነግራቸው እሳቸው ነዳጅ ብቻ ለቀቁ፣ መሪውንም ቀጥ አድርገው ያዙ፤ ቀስ በቀስ ረጋች። ዳር አቁመው ወረዱና የመንገዱ አጥር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጽጌ ከዚያ ወዲያ ምራቂ ውስጥ አልተኙም፤ የተገዛችላቸው ሴት እምቢ ስላሉ ላንጋኖ ስንወርድ አልጋው የእኔ ሆነ።

ነገሩን እኔ የማውቀው ከፎቶግራፍ ነው፣ እሳቸው ከመሪው ላይ አወቁት። ከጎማው በስተኋላ ክብደት ሲንጠለጠል የፊቷ ብረት ይቀልላል፤ የመኪናውን መጎተቻ መጫኑን ይተውና ወደ ላይ ያነሣዋል። ፊቷ የቀለለ ተጎታች ደግሞ ለመወዛወዝ ሰበብ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ከፊት፣ ከመጎተቻው ብረት በላይ፣ አራት ብስክሌት የሚይዝ ሌላ መስቀያ አስበየዱ። ከአራት በላይ አይሆንም፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ቂጥ ይቀመጥና የፊት ጎማው መሬት በደንብ አይጨብጥም። የኋላው መስቀያ ፎጣ ማድረቂያ ሆኖ ቀረ።

ብስክሌታችንን ይዘን ላንጋኖ የምንወርደው እኛም አራት ነበርን፤ ሁለቱ ሽማግሎች፣ ታደለ የሚባል የታሪክ መምህርና እኔ። ጋሽ ሰይፉ የማንንም ብስክሌት ባለቤቱ እንዲሰቅል አይፈቅዱም ነበር። አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አዙረው፣ ፔዳሉ የሌላውን ሽቦ እንዳይነካ በመሐል አሮጌ ምንጣፍ አስገብተው፣ በገመድ ያስሩታል፤ ከገመዱ በላይ ደግሞ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በቆረጡት ቁራጭ ያጠብቁታል። ሲያስሩ መዝሙር ያዜማሉ፤ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ከዚያ ብስክሌቱን ይዘው ይነቀንቁታል። ብስክሌቱ ከተነቃነቀና ምራቂ ካልተነቃነቀች እንደገና ይፈቱታል፤ አብረው ሲነቃነቁ ነው እሺ የሚሉት። ገና ቸርችልን ወርደን ሳንጨርስ ደግሞ ዳር ያቆማሉ። ከኋላችን ታክሲው ሁሉ ጡሩምባውን ይለቅብናል። እሳቸው ወርደው እያንዳንዱን ገመድ በጣታቸው ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። «ገመድ መጀመሪያ ላይ ይዋሻል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አንዱ ሁልጊዜ ላልቶ ይገኛል።

ጠቡ የመጣው በጋሽ ብርሃኔ ልጅ ጋብቻ ሰበብ ነው። ልጅቷ ታጭታ ሠርጉ ተቃርቦ ነበርና፣ አባቷ የአማቹን አባት፣ አቶ መንገሻን፣ ለማክበር ብለው ማንንም ሳያማክሩ ላንጋኖ እንሂድ ብለው ጋበዟቸው። ቅዳሜ ጠዋት አቶ መንገሻ አዲስ ቱታ ለብሰው፣ አዲስ ብስክሌት ይዘው መጡ። መስቀያው አራት፣ ብስክሌቱ አምስት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሌላ አገር የሚሆን አይመስለኝም። ታደለ የእኔ ይቅር አለ። እኔም የእኔ ይቅር አልኩ። አቶ መንገሻ ኧረ እኔ እንግዳው ልቅር፣ ተቀምጬ ውሃውን አያለሁ አሉ። ጋሽ ሰይፉ የእኔን አስቀራለሁ፣ አለቀ አሉ። ጋሽ ብርሃኔ ግን የማንንም አልቀበል አሉ። በእኔ እንግዳ ሰው ብስክሌቱን ጥሎ ይሄዳል? ሰይፉስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ቁጭ ይላል? እንዴት ተደርጎ። ሁላችንም የየራሳችንን ቦታ እየሰጠን፣ አንዱ የሌላውን እየመለሰ፣ ፀሐይ ወጣ። በመጨረሻ ጋሽ ብርሃኔ የራሳቸውን ብስክሌት አንስተው ሄዱና ምራቂ ጭራ ላይ ሰቀሉት። ለዚሁ የተሠራ መስቀያ አይደል እንዴ አሉ፤ ማንንም አላስቸግርም።

ጋሽ ሰይፉ ሄዱና ብስክሌቱን አውርደው መሬት ላይ አስተኙት።

ጋሽ ብርሃኔ እየሳቁ መልሰው ሰቀሉት። ጋሽ ሰይፉ አሁንም አወረዱት። ያን ጊዜ የሁለቱም ፊት ተለወጠ። ጋሽ ብርሃኔ በእንግዳዬ ፊት ምን እያደረግህ ነው አሉ። ጋሽ ሰይፉም በዚያው ሰዓት ለጠየቃቸው ሰው በሚመልሱበት ድምፃቸው፦

«ብርሃኔ፣ ያንተ ይሉኝታ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።»

አቶ መንገሻ መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ብርሃኔ ብስክሌታቸውን አንስተው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉና እየገፉ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጡ። አቶ መንገሻም ጥቂት ቆመው የእሳቸውን ይዘው ተከተሏቸው። ጉዞው ቀረ፤ ጋሽ ሰይፉ ግን የታሰረውን ሁሉ በሥርዓቱ ፈትተው ገመዱን ጠቅልለው አስቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ሆነች። ለሠርጉ ጥሪ ወረቀት መጣ፣ ይሉኝታ ነዋ፤ ጋሽ ሰይፉ ሄዱ፣ ተመገቡ፣ ጋሽ ብርሃኔ እንደ ማንኛውም እንግዳ በእጅ ሰላም አሏቸው። ከዚህ ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ፍሬሜ ላልቶብኝ ሱቅ ስሄድ ጋሽ ሰይፉ አልነበሩም። እትዬ ጽጌ ባንኮኒው ኋላ ቆመዋል። ሐኪም ጋ ሄዷል አሉኝ። ልቡ ደክሟል፣ ብስክሌት የሚባል ነገር እንዳትነካ ብለውታል፣ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል፣ አንቺ ግን ቻይ ነሽ አሉኝ። ከዚያም «ሞቱን አይደለም የምፈራው» አሉ። «ሳይታረቁ እንዳይቀር ነው። ብርሃኔ ይሄን ይዞ እንዴት ይኖራል?» ሽማግሌ ይላክ ብዬ ብቻ ወጣሁ።

ሽማግሎቹ የመጡት ግን ከጋሽ ብርሃኔ ወገን ነው፤ እትዬ ጽጌ በዘዴ ያስላኳቸው ይመስለኛል። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የድሮ ሰፈራቸው ሰዎች፣ አንዱ የጋሽ ብርሃኔ የንስሐ አባት። ጋሽ ሰይፉ ቤት ገቡና በሩ ሥር ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ ካልታዘዝከን አንቀመጥም አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እትዬ ጽጌ ጠርተውኝ ነው፣ ለምን እንደጠሩኝ እንጃ። ሽማግሎቹ የጠየቁት እንዲህ ነው። ሰውየው በአማቹ አባት ፊት ተዋርዷል። ክብሩ የሚመለሰው በዚያው በወደቀበት ቦታ ነውና አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሳይክሉ ከኋላ ተሰቅሎ አቶ መንገሻ ባሉበት ምራቂ ትነዳ። ላንጋኖ መሄድም አያስፈልግም። እስከ ምኒልክ አደባባይ ደርሶ መመለስ ይበቃል።

እውነት ለመናገር በዚያ ፍጥነት አሥር ብስክሌት ቢሰቀልም ምንም አይሆንም ነበር። እኔ ብሆን እሺ እል ነበር። ጋሽ ሰይፉ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አደረጉና አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ምኒልክ አደባባይ ደርሶ ከተመለሰ፣ ነገ ላንጋኖም ደርሶ ይመለሳል ይላል» አሉ። «አባ፣ የተናገርኩት ስድብ ነው። ሰው ፊት ነው የተናገርኩት። ለሱ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ሳይክሉ ግን ከኋላ አይሰቀልም።»

ስለ ድንጋይ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ለደም ነው፣ ለትልቅ በደል ነው። ከሽማግሎቹ አንዱ ቀስ ብለው አንተ ጴንጤ አይደለህ እንዴ፣ ድንጋዩ ምን ያደርግልሃል አሏቸው። ጋሽ ሰይፉም የሃይማኖቴ ባይሆን የሰፈሬ ነው አሉ። ቄሱ መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ድንጋይ ፍለጋ ስንወጣ ፒያሳ ድንጋይ የለም። መንገዱ ሁሉ ታድሶ፣ ተነጥፎ፣ ሳር ተተክሎበት አንዲት የምትነሣ ድንጋይ ጠፋች። ጋሽ ሰይፉ ግቢ ተመልሰው ምራቂ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ያስገቧትን ጥቁር ድንጋይ አወጡ። ከማውጣታቸው በፊት ግን በቦታዋ ሁለት ጡብ አስገቡ፣ ገፋ ገፋ አድርገውም አረጋገጡ። ሽማግሎቹ ቆመው ጠበቁ። እትዬ ጽጌ ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ይፈለግ ብለው ለመኑ። ጋሽ ሰይፉ አይሆንም አሉ።

የጋሽ ብርሃኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙም ሊፍት የለውም። ጋሽ ሰይፉ ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ደግፈው ደረጃውን ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቄሱ ይበቃል፣ ብርሃኔ እዚህ ይጠራ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ደረጃ ወጡ። ፈራሁ። ብዙ ጊዜ የምፈራ ሰው አይደለሁም። እባክዎ ያውርዱት ብዬ ጮህኩ መሰለኝ።

ከላይ በር ተከፈተ። ጋሽ ብርሃኔ ወደ ታች አዩና በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ። በሥርዓቱ ቢሆን በዳዩ እግራቸው ሥር እስኪወድቅ፣ ሽማግሎቹም ለምነው እስኪያበቁ መጠበቅ ነበረባቸው። አልጠበቁም። ድንጋዩን ከትከሻቸው ላይ ነጥቀው ደረጃው ላይ ጣሉትና እሳቸውን ደግፈው አስቀመጧቸው፤ አጠገባቸውም ተቀመጡ። አንገታቸውን አቅፈው ያዙ። ብዙ ቆይተው፣ እንዲህ መታመምህን ለምን አልነገርከኝም አሉ። ጋሽ ሰይፉ ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ጠበቁና አኩርፈህ የት አግኝቼህ አሉ። ቄሱ እዚያው ደረጃው ላይ መረቁን፤ የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ዘንቢል ይዘው እየተራመዱን ያልፋሉ።

የቀረውን ጉዞ ከክረምቱ በኋላ ሄድን። አቶ መንገሻም ያንኑ ቱታ ለብሰው መጡ። ጋሽ ሰይፉ መዝሙራቸውን እያዜሙ የአቶ መንገሻን፣ የታደለንና የእኔን ብስክሌት ሰቀሉ፣ አሰሩ፣ ነቀነቁ። አንድ መስቀያ ቀረ። እጃቸውን ለጋሽ ብርሃኔ ብስክሌት ዘረጉ።

«ያንተስ?» አሉ ጋሽ ብርሃኔ።

«የእኔን አላመጣሁም።»

ሁላችንም ተያየን። የሚቀጥለውን እናውቀዋለን፤ በፍጹም ይባላል፣ እንዴት ተደርጎ ይባላል፣ የእኔ ይቅር የእኔ ይቅር እየተባለ ፀሐይ ይወጣል። ጋሽ ብርሃኔም አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ የጓደኛቸውን ፊት አዩ። ደረጃው ላይ ያዩት ፊት ነው። አፋቸውን መልሰው ዘጉ፣ ብስክሌታቸውን ወደ እሳቸው ገፉትና «እሺ» አሉ። ሳይለመኑ እሺ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ሰይፉ ለጊዜው የሚያደርጉት የጠፋቸው መሰሉ። ከዚያ ብስክሌቱን ተቀብለው ማሰር ጀመሩ።

ላንጋኖ ደርሰን ብስክሌቶቹ ወረዱ። ጋሽ ሰይፉ ምራቂ በር ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። እኛ እንደ ልማዳችን በሐይቁ ዳር ያለውን የአፈር መንገድ ይዘን እስከ መንደሩ ልንሄድ ተነሣን። ጋሽ ብርሃኔ ግን ትንሽ ተከትለውን ዞረው ተመለሱ። ከመንደሩ ስንመጣ እሳቸው አሁንም ምራቂ ፊት ለፊት ባለችው ሜዳ ላይ እየነዱ ነው፤ ወዲያ ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። ብስክሌታቸው ደህና ይሄድ እንደሆነ ጋሽ ሰይፉ ከወንበራቸው ሆነው ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ያልፋሉ፣ መልሱን ሲመለሱ ይነግሯቸዋል።

ጋሽ ብርሃኔ አጠገብ ደርሼ ለምን ከእኛ ጋር እንዳልመጡ፣ መንገዱ እንዴት ያምር እንደነበር ነገርኳቸው። ፔዳላቸውን ሳያቆሙ መለሱልኝ።

«ቦታውን ሰጥቶኝ እንዴት ከዓይኑ እጠፋለሁ?»

ይህን ብለው ዞሩና እንደገና በጋሽ ሰይፉ ፊት አለፉ።